የሎቢ ሕግ እንዴት ይረቀቃል? ከትርጓሜው አንቀጽ እስከ መዝገቡ

የሎቢ ሕግ፣ ማለትም የባለሥልጣናትን ውሳኔ ለማስለወጥ የሚደረግ ውትወታ እንዲመዘገብ የሚያስገድድ ሕግ፣ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና አንቀጽ ሁለት ላይ፣ ትርጓሜው ላይ ነው። ትርጓሜው ከጠበበ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሕጉ ውጭ ይቀራሉ፤ ከሰፋ ደግሞ የእድር ሰብሳቢውና የወላጆች ኮሚቴው ይጠመዳሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙው ቦታ የተሰጠው ለትርጓሜ ነው። ጽሑፉ የታሰበው ሕግ ለሚያረቁ ባለሙያዎች፣ በረቂቅ ላይ አስተያየት ለሚሰጡ ማኅበራትና ረቂቁን ለሚያነቡ ጋዜጠኞች ነው።

መጀመሪያ ሦስቱን ለዩ

አንድም ቃል ከመጻፋችሁ በፊት አቤቱታን፣ ጉቦንና ሎቢን ለይታችሁ አስቀምጡ። ዜጋ ስለ ራሱ ይዞታ፣ ስለ ራሱ ግብር ወይም ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ባለሥልጣን ዘንድ መቅረቡ መብቱ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ከሰላማዊ ሰልፍ ጎን አስቀምጦታል፤ የሎቢ ሕግ ይህን መንካት የለበትም። ጉቦ ደግሞ ወንጀል ነው፤ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚታይ ነው። አንዳንድ ረቂቆች ጉቦን እንደገና ሊከለክሉ ይሞክራሉ። ያን ጊዜ ሁለት ሕጎች በአንድ ድርጊት ላይ ይጋጫሉ፤ ሎቢም ራሱ የወንጀል ሽታ ስለሚይዝ ለመመዝገብ የሚደፍር አይገኝም።

በሁለቱ መካከል የሚቀረው፣ የተደራጀ ጥቅም ያለው ወገን ውሳኔ ሳይሰጥ ባለሥልጣኑን አግኝቶ ሐሳቡን ለማስለወጥ የሚያደርገው ጥረት ነው። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ጠቃሚም ነው፤ ስለ ሲሚንቶ የሚጻፍ መመሪያ ሲሚንቶ አምራቾችን ሳይሰማ ቢወጣ ጥሩ መመሪያ አይሆንም። ጉዳቱ የሚመጣው ተቃራኒው ወገን ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ትርጓሜው፦ ለማን፣ ስለ ምን፣ ማን

አብዛኛው አርቃቂ «ሎቢስት ማለት…» ብሎ ከሰውየው ይጀምራል። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጡት፤ ከባለሥልጣኑ ጀምሩ። «የመንግሥት ኃላፊ» የሚል ጥቅል ቃል አትጠቀሙ፤ የሹመት ዝርዝር በአባሪ አያይዙ፦ የምክር ቤት አባላት፣ ሚኒስትሮች፣ ሚኒስትር ዴኤታዎች፣ የኤጀንሲና የባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተሮች፣ አማካሪዎቻቸው፣ የግዥ ኃላፊዎች፣ ከንቲባና የከተማ ካቢኔ። አማካሪዎችን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሚኒስትሩን ለማግኘት የከበደው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለአማካሪው ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ከነስማቸው በይፋ ይውጣ፤ አለበለዚያ ሎቢስቱ «ሰውየው በሕጉ እንደሚሸፈን አላወቅሁም» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስለ ምን የሚለው ይመጣል። ሕግ ማውጣትን ብቻ ከሸፈናችሁ ሥራው ግማሽ ነው። ገንዘቡ ያለው በአስፈጻሚው ዘንድ ነው፤ በመመሪያ፣ በጨረታ፣ በግብር እፎይታና በመሬት አሰጣጥ። የአሜሪካ የ1946 እ.ኤ.አ. የሎቢ ሕግ (ከዚህ በኋላም የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተዋቀረው በኮንግረስ ዙሪያ ብቻ ነበር፤ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃሪስ ጉዳይ ላይ ይበልጥ አጥብቦ ከአባላቱ ጋር በቀጥታ የሚደረግ ግንኙነት ላይ ወሰነው። ሕጉ እስከ 1995 ድረስ ጥርስ አልባ ሆኖ ቆየ።

አሁን ትርጓሜው ሊጻፍ ይችላል። ለመነሻ የሚሆን አገላለጽ እነሆ፦

«“ሎቢ ማድረግ” ማለት ማንኛውም ሰው በክፍያ፣ በተቀጠረበት ሥራ ወይም ለሚወክለው ድርጅት ወይም ማኅበር ጥቅም ሲል፣ በአባሪው ከተዘረዘረ ባለሥልጣን ጋር በአካል፣ በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በአጭር መልእክት ወይም በሌላ ማናቸውም መንገድ፣ በራሱ ወይም በሌላ ሰው አማካይነት፣ በሕግ፣ በፖሊሲ፣ በበጀት፣ በግዥ፣ በግብር ማበረታቻ ወይም በመሬት አጠቃቀም ላይ የሚሰጥን ውሳኔ ለማስለወጥ፣ ለማስቆም ወይም ለማፋጠን የሚያደርገው ግንኙነት ነው፤ ግንኙነቱን የጀመረው ባለሥልጣኑ ቢሆንም።»

እያንዳንዱ ሐረግ ምክንያት አለው። «በተቀጠረበት ሥራ» የሚለው ከሌለ የእንግሊዝ ዕጣ ይደርሳችኋል። የ2014 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሕግ ምዝገባ የሚጠይቀው ለሌላ ደንበኛ በክፍያ የሚሠሩ አማካሪ ሎቢስቶችን ብቻ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ግሪንሲል ካፒታል ለተባለ የፋይናንስ ኩባንያ ሚኒስትሮችን በስልክ መልእክት ጭምር ሲያግባቡ መቆየታቸው በ2021 ሲወጣ፣ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የኩባንያው ተቀጣሪ ስለነበሩ መመዝገብ አይጠበቅባቸውም አለ። ሕጉ አልተጣሰም፤ ሕጉ አልነካቸውም። «በአጭር መልእክት» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ትምህርት ነው።

የመጨረሻውን ሐረግ፣ «የጀመረው ባለሥልጣኑ ቢሆንም» የሚለውን፣ በውይይት ላይ ለማስወጣት የሚሞክሩ ይኖራሉ፤ አትልቀቁት። በፈረንሳይ ሳፓን ሁለት የሚባለው የ2016 ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ የተቆጠረው ሎቢስቱ ራሱ የጀመረው ግንኙነት ብቻ ነበር። ሚኒስትሩ ከደወለ አይቆጠርም። ከባለሥልጣን ጋር የቆየ ትውውቅ ላለው ሰው «እስኪ ደውልልኝ» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ማን» ላይ ያለው የቁጥር ወጥመድ

ትንንሾቹን ለማዳን ወለል፣ ማለትም ከሱ በታች ያለው የማይመዘገብበት መለኪያ፣ ያስፈልጋል፤ ወለሉ ምን ዓይነት እንደሚሆን ግን ተጠንቀቁ። የጊዜ መቶኛ አትጠቀሙ። በአሜሪካ የ1995 ሕግ አንድ ሰው ሎቢስት የሚባለው ከአንድ በላይ ግንኙነት አድርጎ፣ ለዚያ ደንበኛ ከሰጠው አገልግሎት ቢያንስ 20 በመቶው ጊዜ ሎቢ ከሆነ ነው፤ መለኪያው ከ2007 ወዲህ የ3 ወር ነው። ስሌቱን ሞክሩት፦ ለደንበኛው 200 ሰዓት ሠርቶ፣ ዝግጅቱን ጨምሮ 39ኙ ሰዓት ሎቢ ከሆነ 19.5 በመቶ ነው፤ አይመዘገብም። ሎቢውን መቀነስ እንኳ አያስፈልገውም፤ «ስትራቴጂካዊ ምክር» የሚባል ሰዓት መጨመር ይበቃዋል። ዋሺንግተን ውስጥ ይህን ክፍተት በቀድሞው የሴኔት መሪ ቶም ዳሽል ስም ይጠሩታል፤ ሴኔትን ከለቀቁ በኋላ ለዓመታት በአማካሪነት ሠርተው በ2016 ነው የተመዘገቡት።

የግንኙነት ቁጥርም በሰው ከተቆጠረ ይከፋፈላል። የፈረንሳይ የ2017 ደንብ አንድ ሰው በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 10 ግንኙነት እንዲያደርግ ይጠይቅ ነበር። ኩባንያው 5 ሠራተኛ አሰማርቶ እያንዳንዱ 9 ጊዜ ቢሄድ 45 ግንኙነት ተደርጎ ማንም አልተመዘገበም ማለት ነው።

የተሻለው የአየርላንድ መንገድ ነው። የ2015 ሕጋቸው ሰዓት አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ድርጅትን ነው። ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ቢያንስ አንድ ደመወዝተኛ ያለው የንግድ ወይም የተሟጋች ማኅበር፣ በክፍያ የሚሠራ ሦስተኛ ወገን በሕጉ ይሸፈናል፤ አንድ ግንኙነትም ይበቃል። በእኛ ሁኔታ ይህ ወለል ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ የሌላቸውን እድሮች፣ የሰፈር ልማት ኮሚቴዎችና አብዛኞቹን የዲያስፖራ ማኅበራት በራሱ ነፃ ያወጣል።

አየርላንድ አንድ ነገር ለየት አድርጋለች። የመሬት አመዳደብን በተመለከተ ወለል የለም፤ ባለሥልጣንን ያነጋገረ ማንኛውም ሰው ይመዘገባል፣ ስለ ዋና መኖሪያ ቤቱ ካልሆነ በስተቀር። ይህ የመጣው በደብሊን አካባቢ የነበረው የመሬት ምደባ ሙስና ከ1997 እስከ 2012 በአጣሪ ጉባኤ ከተመረመረ በኋላ ነው። የሊዝና የማስተር ፕላን ጉዳይ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ የሚያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ ምክንያቱን አያጣውም።

ከሕጉ ውጭ የሚሆኑት

የነፃነት ዝርዝሩ አጭርና የተዘጋ ይሁን፤ «እና የመሳሰሉት» የሚል ቃል አይግባበት። በቂ የሚሆኑት የግል ጉዳይን ማቅረብ፣ በምክር ቤት ይፋዊ መድረክ ላይ መናገር፣ በይፋ ለተጠራ አስተያየት በጽሑፍ መመለስ፣ የጋዜጠኛ ጥያቄ፣ የዲፕሎማት ይፋዊ ሥራ፣ የሠራተኛና አሠሪ የኅብረት ድርድር፣ እንዲሁም መደበኛ የፈቃድ እድሳትና መሰል የመስኮት አገልግሎት ናቸው። ሦስተኛው ላይ በኢትዮጵያ መነሻ አለ፦ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ተቋማት ረቂቅ መመሪያቸውን አሳውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። በዚያ መንገድ የገባ አስተያየት ድሮም ለሕዝብ ክፍት ነውና ድጋሚ መመዝገብ የለበትም።

«ቴክኒካዊ መረጃ መስጠት» ለሚል ነፃነት ግን በር አትክፈቱ። ሁሉም ሎቢስት መረጃ ነው የሰጠሁት ይላል። የባለሙያ የሥራ ቡድንም እንዲሁ ነው፤ አየርላንድ ለእነዚህ ነፃነት የምትሰጠው የአባላቱ ስም፣ አጀንዳውና ቃለ ጉባኤው ከታተመ ብቻ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ እንዳለ ውሰዱት።

መዝገቡ ምን ይጠይቅ፣ መቼ

ዓመታዊ ሪፖርት ዋጋ የለውም፤ ሲታተም አዋጁ ጸድቋል፣ ጨረታው ተዘግቷል። የአገሮቹ ልምድ ሰፊ ልዩነት አለው፦ አሜሪካ ለምዝገባ 45 ቀን ትሰጥና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ትቀበላለች፤ አየርላንድ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ጊዜው በተዘጋ በ21 ቀን ውስጥ፤ ካናዳ አማካሪ ሎቢስት በ10 ቀን እንዲመዘገብና የወሩን ግንኙነት እስከ ቀጣዩ ወር 15ኛ ቀን እንዲያሳውቅ ትጠይቃለች። የካናዳውን ምረጡ። አጭር ነው ብሎ የሚያማርር ይኖራል፤ ግን ቅጹ ከአንድ ገጽ ካልበለጠ 15 ቀን ይበቃል።

በቅጹ ላይ የሚጠየቀው፦ የሎቢስቱ ስም፣ የደንበኛው ወይም የአሠሪው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከጀርባ ወጪውን የሚሸፍን ሌላ ወገን ካለ ስሙ፣ የተገናኘው ባለሥልጣን ስምና ሹመት፣ ቀንና መንገዱ፣ ረቂቁ ወይም ውሳኔው በቁጥር፣ የተፈለገው ውጤት፣ ሎቢስቱ ባለፉት 5 ዓመታት የያዘው የመንግሥት ሥልጣን። የባለሥልጣኑ ስም እንዳይቀር፤ የአሜሪካው የሩብ ዓመት ሪፖርት «ሴኔት»፣ «ግምጃ ቤት» ብሎ ያልፋል እንጂ ማን እንደተገናኘ አይናገርም። አንባቢው ሚሊዮን ዶላር ሲወጣ ያያል፣ የማን ቢሮ እንደተንኳኳ ግን አያውቅም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «የተፈለገው ውጤት» የሚለው ሳጥን ነው። «በግብር ጉዳይ ላይ ተወያይተናል» ተብሎ የተሞላ ቅጽ ተመላሽ ይደረግ። «በኤክሳይስ ታክስ ማሻሻያ ረቂቅ ላይ ለታሸገ ውኃ የተቀመጠው መጣኔ እንዲቀንስ ጠይቀናል» ቢባል ግን ተቃዋሚውም፣ ጋዜጠኛውም፣ የቋሚ ኮሚቴው አባልም ሥራ ያገኛል። መመሪያው ውስጥ ሁለቱንም ናሙና አስገቡ።

ስለ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር፦ በአማርኛ የሚፈለግ መዝገብ በስም ብቻ ከተሠራ ይከሽፋል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሃይ» ለማሽኑ ሦስት ኩባንያ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በፍለጋ ጊዜ አንድ ሆነው እንዲነበቡ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ማያያዣው ደግሞ መለያ ቁጥሩ ይሁን። መዝገቡ ያለ ክፍያ ይከፈት፣ ሙሉው በሰንጠረዥ ፋይል የሚወርድ ይሁን። በፎቶ ተነሥቶ የተጫነ ወረቀት መዝገብ አይባልም።

ከጠረጴዛው ማዶ

ሎቢስቱን ብቻ የሚያስገድድ ሕግ ያልተመዘገበውን የሚይዝበት መንገድ የለውም። የቺሌ ሕግ ቁጥር 20.730፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ግዴታውን በባለሥልጣኑ ላይ ጣለ። ቀጠሮውን፣ ጉዞውንና የተቀበለውን ስጦታ ይመዘግባል፤ ያልመዘገበ ከራሱ ኪስ ይቀጣል። የሁለቱን ዘዴ ማዋሃድ ከሁሉ ይሻላል። የባለሥልጣኑ የቀጠሮ መዝገብና የሎቢስቱ ሪፖርት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጎደለው ራሱ ይታያል፤ መርማሪ መላክ ሳያስፈልግ። ቢያንስ የአውሮፓ ኮሚሽንን ልማድ ያዙ፦ ኮሚሽነሮቹ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ስብሰባቸውን ያትማሉ፤ ካልተመዘገበ ሎቢስት ጋርም አይቀመጡም።

ሥልጣን ለቀቅ፣ የስኬት ክፍያ፣ ስጦታ

ሥልጣን የለቀቀ ሰው ሎቢ እንዳያደርግ የሚታገድበት የቀዝቃዛ ጊዜ ያስፈልጋል። አሜሪካ ለሴኔት አባል 2 ዓመት፣ ለምክር ቤት አባል 1 ዓመት ትላለች፤ ካናዳ 5 ዓመት። አምስቱ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አገራችንን በመሰለ፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት አነስተኛ የባለሥልጣን ክበብ ውስጥ 2 ዓመት ትውውቅን አያደበዝዝም። 3 ዓመት ቢሆንና ከለቀቀበት መሥሪያ ቤት ጋር ብቻ ቢታሰር የሰውየውንም እንጀራ አይዘጋም። እገዳው ቅጣት ከሌለው ምክር ብቻ ነው፤ አየርላንድ ይህን ዘግይታ ተረድታ በ2023 ማሻሻያ እስከ 25,000 ዩሮ ቅጣት ጨምራለች።

«ከተሳካ ትከፍለኛለህ» የሚል ውል ይከልከል። ካናዳ ከልክላዋለች፤ ሎቢስትን ወደ ጉዳይ ገዳይ ደላላ የሚለውጠው እሱ ነውና። ስጦታ ላይ ብዙ መድከም አያሻም፤ ሎቢስት ለባለሥልጣን ምንም አይስጥ፣ ግብዣም ጭምር።

የውጭ መንግሥት ሲኖርበት

ይህ በተለየ ክፍል ይቀመጥ፤ ወለሉም ዜሮ ይሁን። የአሜሪካው ፋራ፣ የውጭ ወኪሎችን የሚያስመዘግበው የ1938 ሕግ፣ በውጭ መንግሥት ወይም ፓርቲ ትእዛዝ፣ ጥያቄ ወይም ቁጥጥር የሚሠራ ሰው በ10 ቀን እንዲመዘገብና በየ6 ወሩ ሪፖርት እንዲያደርግ ይጠይቃል፤ ክፍያ ባይኖርም። በ2007 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ጉዳይ የያዘው፣ ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ ሕግ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲታይ ሁለቱ ዓይነት ውትወታ ጎን ለጎን ታይቷል። ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንደ መራጭነታቸው ተወካዮቻቸውን ይወተውቱ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ ምዝገባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ረቂቁ በምክር ቤቱ አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ።

በአሜሪካ የምትኖሩ የማኅበር መሪዎች ልብ በሉ፦ ኤምባሲ «ይህን ደብዳቤ ለኮንግረስ አባላችሁ ላኩልን» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሚላክ ደብዳቤ የፋራ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ በራሳችሁ ተነሣሽነት የተጻፈው አያስነሣም። 501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ሆኖ የተመዘገበ ማኅበርም ሎቢ ማድረግ ይችላል። ቅጽ 5768 ሞልቶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ከላከ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር የዓላማ ወጪው 20 በመቶውን ለዚህ ማዋል ተፈቅዶለታል። የ100,000 ዶላር ማኅበር 20,000 ዶላር ድረስ ይችላል ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሕዝቡን «ደውሉ፣ ጻፉ» ለማለት የሚውለው ከ5,000 እንዳይበልጥ።

ማን ይቆጣጠር

በአሜሪካ ሪፖርቱን የሚቀበሉት የሁለቱ ምክር ቤቶች ጽሕፈት ቤቶች የመመርመር ሥልጣን የላቸውም፤ ጥፋት ሲያዩ ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፋሉ። የገንዘብ ቅጣቱ እስከ 200,000 ዶላር ይደርሳል፤ ሆኖም በ1995ቱ ሕግ በወንጀል የተከሰሰ የመጀመሪያው ሰው ሎቢስቱ ጃክ አብራሞፍ ነው፣ በ2020። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ትልቅ ቅጣት ብቻውን አይፈጸምም። ከታች አነስተኛና አውቶማቲክ ቅጣት ይኑር፤ አየርላንድ ለዘገየ ሪፖርት 200 ዩሮ ያለ ፍርድ ቤት ታስከፍላለች። ከዚያ የጥፋተኞች ስም ማተም፣ ከዚያ ሎቢ ከማድረግ ማገድ፣ ወንጀል ለሐሰተኛ ሪፖርት ብቻ።

በኢትዮጵያ መዝገቡ ለማን ይሰጥ የሚለው የምር ክርክር ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ ሰጪ ስለሆነ ተመራጭ አይደለም፤ አንድ እጅ ፈቃድ እየሰጠ በሌላው ውትወታህን ቢቆጥር ማኅበሩ ዝምታን ይመርጣል። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ 668/2002 የባለሥልጣናትን ሀብት ይመዘግባልና ሁለቱን መዝገብ ማገናኘት ይችላል። እዚያ ቢሆን ይሻላል።

ምዝገባው ፈቃድ እንዳይሆን ግን በአንቀጽ ይጻፍ፦ «መሥሪያ ቤቱ ምዝገባን መከልከል አይችልም።» አዋጅ 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብዓዊ መብትና ከዴሞክራሲ ሥራ ያገደው ድርጊቱን ሳይሆን የገንዘቡን ምንጭ መነሻ አድርጎ ነው፤ ብዙ ድርጅቶችም ሥራቸውን ቀየሩ። የተካው አዋጅ 1113/2011 በአንቀጽ 62 ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ የማቅረብ መብት ሰጥቷል፤ የውጭ ድርጅቶች የፖለቲካ ፓርቲዎችን እንዳይወተውቱ ከልክሏል። አዲሱ ሕግ ይህን መብት እንደማይሸራርፍ በግልጽ ይናገር።

ረቂቁን መፈተን

ከማቅረባችሁ በፊት እነዚህን ጉዳዮች በረቂቁ ውስጥ አሳልፏቸው፤ መልሱ በአንድ ደቂቃ ካልተገኘ ትርጓሜው ገና ነው። አንድ ገበሬ የመስኖ ቦይ እንዲጠገን ለወረዳ አስተዳዳሪው ነገረ፦ አይመዘገብም። የ300 ሠራተኛ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ለሚኒስትር ዴኤታ በቴሌግራም «ያቺ መመሪያ ትዘግይልን» ብሎ ጻፈ፦ ይመዘገባል። ሁለት ቅጥር ሠራተኛ ያለው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር በሕንፃ አዋጅ ማሻሻያ ላይ የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢን በቢሮዋ አነጋገረ፦ ይመዘገባል፤ በይፋዊ የሕዝብ ውይይት ላይ ቢሆን ግን አይመዘገብም። የቀድሞ ሚኒስትር ያለ ክፍያ ለወንድሙ ኩባንያ ወደ ቀድሞ ቢሮው ደወለ፦ «በክፍያ» የሚለው ብቻውን ከቆመ ያመልጣል፤ በመነሻው አገላለጽ «ለሚወክለው ድርጅት» የሚለው ይይዘው እንደሆነ ያከራክራል። ስለዚህ ሥልጣን ለለቀቁ ሰዎች «ክፍያ ቢኖርም ባይኖርም፣ ውክልና ቢኖርም ባይኖርም» የሚል ንዑስ አንቀጽ ጨምሩ።